እንደ ሕፃን ማመንና በእምነት መብሰል፦ ጠያቂ ወጣት እምነት ጎደለው ማለት ነው?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምጽፈው ከጅማ ነው። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ በአንድ ምእመን ቤት በየሳምንቱ የሚካሄድ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት አስተባብራለሁ፤ ከተሳታፊዎቹ የሚበዙት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። በቅርቡ አንዲት ተማሪ፣ በአንድ ጉባኤ ላይ የተነገረ ትንቢት የተባለለት ቀን አልፎ ሳይፈጸም በመቅረቱ፣ እንዲህ ያለው ነገር በምን እንደሚመዘን ጠየቀች። በመካከላችን የነበሩ አንድ ታላቅ ወንድም ጥያቄውን ሳይመልሱ፣ ጌታ እንደ ሕፃናት ካልሆናችሁ ወደ መንግሥተ ሰማያት አትገቡም ማለቱን አስታወሷት። ልጅቱ ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ በጥናቱ ላይ ትገኛለች እንጂ አትናገርም።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 እንደ ሕፃናት እንድንሆን ታዘናል። ጳውሎስ ደግሞ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14፥20 ለክፋት ነገር ሕፃናት፣ በአእምሮ ግን የበሰልን እንድንሆን ያሳስባል፤ የዕብራውያን መልእክትም መምህራን ሊሆኑ ሲገባቸው ገና ወተት የሚሹትን ይወቅሳል። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ እንዴት አብረው ይኖራሉ? የእኔ አቋም፣ የመጀመሪያው ቃል ጥያቄን ለማፈን ሲጠቀስ ከቦታው ተነቅሏል የሚል ነው። የማይስማማ ካለ በምክንያት ያስረዳኝ።

(ውይይቱ ስለረዘመና አንዳንድ መልሶች በውይይት መድረኩ አስተናጋጅ ከገጹ ስለተሰረዙ፣ ዘግይተው ለሚመጡ አንባቢዎች ሲባል መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስፍሬአለሁ። አልፎ አልፎ የራሴን አስተያየት ጣልቃ ማስገባቴ አልቀረም።)

መልስ 1 እና 2

የመጀመሪያው ጸሐፊ መርቀውን አለፉ። ሁለተኛዋ ጉዳዩ በአደባባይ ከመውጣቱ በፊት ልጅቱን ለብቻዋ አነጋግሬአት እንደሆነ ጠየቁኝ። አነጋግሬአታለሁ፤ ይህን ጽሑፍ እንድከፍትም ፈቅዳልኛለች።

መልስ 3

የውይይቱን አቅጣጫ የወሰነው ይህ መልስ ነው። ጸሐፊው በዕድሜ የገፉ የወንጌል አገልጋይ መሆናቸውን ገልጸው፣ በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉና አማኞች ሲታሰሩ፣ ሌሊት ሌሊት በሰው ቤት እየተሰበሰቡ፣ አንዱን መጽሐፍ ቅዱስ ለብዙ ሰው እየተቀባበሉ ያሳለፉትን ጊዜ ተረኩ። በእርሳቸው አስተያየት ያ ትውልድ የጸናው ብዙ ስላወቀ ሳይሆን እንደ ሕፃን ስለታመነ ነው፤ የዛሬው ወጣት ግን ስልኩን ይዞ ሁሉን ሲመዝን ይውልና የመጀመሪያው ነፋስ ሲነፍስ ይወድቃል። ካህኑ ዘካርያስ መልአኩን በመጠየቁ ዲዳ መሆኑንም ለማስጠንቀቂያ አነሡ። ቃላቸው ጠንካራ ቢሆንም አክብሮት አልጎደለውም፤ የተናገሩትም የኖሩትን እንጂ በወሬ የሰሙትን አይደለም።

መልስ 4 እና 5

አራተኛው ጸሐፊ ወጣት ሳይሆን አይቀርም። ዘካርያስ በተቀጣበት በዚያው ምዕራፍ፣ ጥቂት ቁጥሮች ዝቅ ብሎ፣ ማርያምም ነገሩ እንዴት እንደሚሆን መጠየቋንና መልአኩ ሳይቆጣ ማብራራቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ካስታወሰ በኋላ፣ አባቶች ምዕራፉን እስከ መጨረሻው ቢያነቡት መልካም እንደነበር ጨመረ። አምስተኛው ነጥቡን ተቀብሎ አነጋገሩን ነቀፈ፤ በአባት ዕድሜ ላለ ሰው እንዲህ አይባልም። ልዩነቱንም አስረዳ፦ መልአኩ ዘካርያስን የወቀሰው ቃሌን አላመንህም ብሎ ነው፤ ማርያም ግን ጠይቃ፣ ተረድታ፣ እንደ ቃልህ ይሁንልኝ አለች። ስለዚህ የሚለየው የጠየቀና ያልጠየቀ ሳይሆን ከመልሱ በኋላ የሚሆነው ነገር ነው።

መልስ 6

ከሄርማታ የጻፈ አባት የአምስት ዓመት ሴት ልጁን ወደ ለቅሶ ቤት ይዞ ሄዶ ነበር። አንድ ሽማግሌ ጸሎት ሲያስረዝሙ ልጅቱ ከፍ ባለ ድምፅ እግዚአብሔር መስማት አይደክመውም ወይ ብላ ጠየቀች፤ ድንኳኑ በሳቅ እንዳይታወክ ብሎ አባቷ ክንዷን ቆነጠጣት። ዝናቡ ስላላባራ በባጃጅ ሲመለሱ ጥያቄው ቀጠለ፦ አያቷ አሁን የት እንደሚያድሩ፣ በሩን ማን እንደሚከፍትላቸው፣ እዚያም እንደ ጅማ ይዘንብ እንደሆነ። ሰፈራቸው ሳይደርሱ በአባቷ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ይህን ሁሉ ስትጠይቅ አንድም ጊዜ ባጃጁ ወደ ቤት ይወስደን ይሆን ብላ አለመጠየቋን አባትየው ያስተዋለው ኋላ ነው። እርሱ ምንም ድምዳሜ አላስቀመጠም፤ ከእርሱ በኋላ የጻፉት ግን ይህችን ልጅ ደጋግመው ጠቅሰዋታል።

መልስ 7

ረጅሙ መልስ ይህ ነው፤ ጸሐፊዋ የነገረ መለኮት ተማሪ መሆናቸውን ገልጸዋል። ከሄርማታዋ ልጅ ተነሥተው፣ መጽሐፍ ቅዱስ ልጅ እንደሚጠይቅ አስቀድሞ እንደሚያውቅና መልስ እንዲዘጋጅለት እንደሚያዝዝ አሳዩ። በዘጸአት 12፥26 ልጆች ይህ አገልግሎት ምንድር ነው ብለው ሲጠይቁ ወላጆች የፋሲካውን ነገር ይነግሯቸዋል። በኢያሱ ምዕራፍ 4 ከዮርዳኖስ የወጡት 12 ድንጋዮች የተተከሉት ልጆች ወደፊት እንዲጠይቁ ነው። ኢየሱስ ራሱ በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ የተገኘው በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማቸውና ሲጠይቃቸው ነው።

ከዚያም ወደ መልስ 3 ተመልሰው፣ የአባታችንን አነጋገር በአክብሮት አረሙ። በኤፌሶን 4፥14 በትምህርት ነፋስ ወዲያና ወዲህ የሚንገዋለሉት ሕፃናት ናቸው፤ ጳውሎስ የነፋሱ መድኃኒት አድርጎ የሚያቀርበውም ወደ ሙሉ ሰውነት ማደግን ነው። እኔ የጠቀስሁት 1ኛ ቆሮንቶስ 14፥20ም ዘጠኝ ቁጥሮች ዝቅ ብሎ ወዴት እንደሚያደርስ አመለከቱ፦ በ14፥29 ነቢያት ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ይናገራሉ፤ ሌሎቹም ይለያሉ። በአእምሮ ብሰሉ ያለው ሐዋርያ በዚያው ምዕራፍ ትንቢትን መዝኑ ማለቱ ነው። ኦሪት ዘዳግም 18፥22 ደግሞ የልጅቱን ጥያቄ በቀጥታ ይመልሳል፤ በእግዚአብሔር ስም የተነገረው ነገር ካልሆነና ካልመጣ፣ እግዚአብሔር አልተናገረውም። ተማሪዋ እግዚአብሔርን አልተጠራጠረችም፤ የጠየቀችው እርሱ ራሱ በሕጉ ያስቀመጠውን ጥያቄ ነው። ውይይቱ በዚህ ቢያበቃ እኔ በበኩሌ በቂ መልስ አግኝቻለሁ እል ነበር።

መልስ 8

አንድ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ዲያቆን የጉዳዩን ሌላ ገጽ ገለጡ። በእነርሱ ዘንድ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ተጠምቀው ይቆርባሉ፤ ሕፃኑ አንዲት ቃል ሳይናገር ከምሥጢሩ ተካፋይ ይሆናል። ሦስት ዓመት የሆነው ቅዱስ ቂርቆስ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር በሰማዕትነት የሚታሰብባት ቤተ ክርስቲያን የሕፃን እምነትን ልትንቅ አትችልም። ነገር ግን ያው ልጅ ነፍስ ሲያውቅ ወደ የኔታ ይላካል፤ ፊደል ይቆጥራል፤ ከዚያም ንባብ የሚለማመደው በመልእክተ ዮሐንስ ነው። ዲያቆኑ እዚህ ላይ ቆም ብለው አስደናቂ ነገር ጠቆሙ፦ ያ መልእክት በምዕራፍ 2 ልጆችን፣ ጎበዞችንና አባቶችን በአንድ ትንፋሽ የሚያናግር ነው፤ ሕፃኑ ገና ሲንተባተብ የሚያነበው ወደፊት የሚሆነውን ነው። መዝሙረ ዳዊት ከደገመ በኋላም የገፋበት ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት እያለ ዓመታት ይቆያል፤ በትርጓሜ ቤትም ለአንዱ ቃል አንድምታው ሁለትና ሦስት ትርጓሜ ይደረድራል እንጂ አትጠይቅ አይልም።

በመጨረሻም ነፍሴ በእናቱ ላይ እንዳለ ጡት እንደተወ ሕፃን ናት የሚለውን መዝሙር 130 ጠቀሱ። ጡት የተወ ልጅ ወደ እናቱ የሚጠጋው ወተት ፈልጎ አይደለም፤ እናቱን ፈልጎ ነው። ለእኔ ሕፃንነትንና ማደግን በአንድ ላይ የያዘ ከዚህ የተሻለ ቦታ በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ በጥናታችንም እንጠቀምበታለን።

መልስ 9 እስከ 12

እዚህ ላይ ወጋችን ተበላሸ። ዘጠነኛው መዝሙሩ 131 እንጂ 130 አይደለም ብሎ ዲያቆኑን አረመ፤ አሥረኛው የግእዙ ዳዊት የሰብዓ ሊቃናቱን (የጥንቱን የግሪክ ትርጉም) አቆጣጠር ስለሚከተል ሁለቱም ትክክል መሆናቸውን አስረዳ። አሥራ አንደኛው ያላመነ ሕፃን መጠመቁን በክርክር አነሣና ነገሩን በኦርቶዶክስና በፕሮቴስታንት መካከል አደረገው፤ አነጋገሩም አልተገራም ነበር። አሥራ ሁለተኛዋ መካነ ኢየሱስም ሕፃናትን እንደምታጠምቅ በማስታወስ ክርክሩን ከመሠረቱ ናዱት። አስተናጋጁ ሁለት መልሶችን ሰርዞ ስለ ጥምቀት ሌላ የውይይት ክር እንዲከፈት አዘዘ።

መልስ 13

ይህን የጻፈችው በከተማችን በአንድ የጤና ተቋም የምትሠራ ነርስ ናት። አንዲት እናት ግራ ጎናቸው ዝሎ፣ አፋቸው ተጣሞ መጡ። ለዓመታት የደም ግፊት ሕመምተኛ ነበሩ። ልጃቸው ቤት ተመልሶ ሲፈልግ የበርካታ ወራት ክኒን ከነእሽጉ በሞሰቡ ውስጥ አገኘ፤ አልተከፈተም። አንድ አገልጋይ፣ የጸለዩለትን ነገር በክኒን መደገፍ የአዋቂ ጥርጣሬ እንደሆነ፣ ሕፃን ግን አባቱ ያለውን ብቻ እንደሚቀበል ነግሯቸው ነበር። እናትየው ክኒኑን አልጣሉትም፤ የልጅ ልጆቻቸው እንዳያገኙት ደብቀውት ነበር። ነርሷ በዚህ የጥንቃቄ ስሜት ላይ አተኮረች፦ መድኃኒቱ ለሕፃናት አደገኛ መሆኑን የሚያውቅ የበሰለ አእምሮ ነበራቸው፤ ለራሳቸው እንዲጠቀሙበት ግን አልተፈቀደላቸውም። የደም ግፊት ብዙውን ጊዜ ምልክት ሳያሳይ የሚቆይ ሕመም በመሆኑ ደኅና ነኝ ማለት ተፈውሻለሁ ማለት እንዳልሆነም አስገነዘበች፤ ይህን የሚያነብ ሕመምተኛ ካለ ሐኪሙን ሳያማክር መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ አደራ አለች።

መልስ 14

ቁጣ ነው። ጸሐፊው ይህን ጥቅስ ሁልጊዜ የሚያነሡት ማይክሮፎን የያዙ ሰዎች እንደሆኑ ተናግሮ፣ የመልስ 3 ጸሐፊንም ከእነዚያ ጋር ደመራቸው። የቁጣው ምንጭ ቢገባኝም ፍርዱ ፍትሐዊ አይደለም፤ አባታችን መድኃኒት ይቁም የሚል ቃል አልወጣቸውም። አስተናጋጁ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሰረዘው።

መልስ 15

በአንጻሩ ይህ መልስ ከመልስ 3 ጋር በቁም ነገር ተከራከረ። ያ የስደት ትውልድ የማይጠይቅ ትውልድ ነበር መባሉን ጸሐፊው አልተቀበሉትም፤ ምስክር አድርገው የጠሩትም ቄስ ጉዲና ቱምሳን ነው። ጉዲና የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ ለውጭ አጋሮቿ በላከችው ደብዳቤ፣ ወንጌልን መስበክንና ሰውን በሁለንተናው ማልማትን ለምን ትለያላችሁ ብላ ሞግታለች። ገንዘብ የሚሰጠውን ወገን እንዲህ መጠየቅ የልጅ ዝምታ አይደለም። እኚሁ ሰው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ፤ ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ሳለ መንጋቸውን ትተው አልሄዱም። ጸሐፊው እንዳሉት የሚሞግት አእምሮና የሚታመን ልብ በአንድ ሰው ውስጥ ነበሩ፤ አንዱን ለሌላው ማስረጃ አድርጎ ማጣላት አያስፈልግም።

መልስ 16 እና 17

አሥራ ስድስተኛዋ ወደ ማቴዎስ 18 መለሱን፤ ጥቅሱ ለማን እንደተነገረ ማንም እስካሁን አለመጠየቁ አስገርሟቸዋል። ምዕራፉ የሚከፈተው ደቀ መዛሙርቱ በመንግሥተ ሰማያት የሚበልጥ ማን ነው ብለው በመጠየቃቸው ነው። ሕፃኑ በመካከል የቆመው ለእነርሱ ነው፤ በዚያ ዘመን ሕፃን በአደባባይ ሥልጣንም ድምፅም ያልነበረው ነውና፣ እንደ እርሱ ሁኑ የተባሉት ወንበር የሚሻሙት ናቸው። ወረድ ብሎም ከእነዚህ ከታናናሾቹ አንዱን የሚያሰናክል የወፍጮ ድንጋይ በአንገቱ ታስሮ ቢሰጥም እንደሚሻለው ተነግሯል። እንግዲህ ቃሉ ወደ ላይ የተነገረ ነው፤ እኛ ግን ወደ ታች እንናገረዋለን። ከጥናት ቡድኑ ውስጥ ይህ ጥቅስ ሊነበብለት ይገባ የነበረው ጠያቂዋ ልጅ አልነበረችም።

አሥራ ሰባተኛው ይህን አመስግነው ገደብ አበጁለት። በማርቆስ 10፥15 እና በሉቃስ 18፥17 የእግዚአብሔርን መንግሥት እንደ ሕፃን ያልተቀበለ ሁሉ ተብሏልና፣ ቃሉን ለመሪዎች ብቻ መስጠት አይቻልም፤ ሁላችንም ባዶ እጃችንን የምንቀበል ነን። ይሁን እንጂ እዚያም ቢሆን የተወቀሱት ሕፃናቱን ወደ ጌታ እንዳይቀርቡ የከለከሉት ደቀ መዛሙርት ናቸው። ሕፃናትን ንጹሓን ብቻ አድርገን እንዳናይም አሳሰቡ፤ የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስ ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ጡት በሚጋራው ሌላ ሕፃን ቀንቶ ፊቱ ሲገረጣ ማየቱን ጽፏል። የእኔም አስተያየት ከእነዚህ ሁለት መልሶች ጋር ነው።

መልስ 18

ከመልኮ አቅጣጫ የጻፉ የቡና ችግኝ አልሚ ስለ ነገረ መለኮት እንደማያውቁ ገልጸው ስለሚያውቁት ተናገሩ። የቡና ችግኝ ሲበቅል ከላዩ የሣር ዳስ ይደረግለታል፤ ፀሐይ ካገኘው ይጠወልጋል። ነገር ግን ተከላው ሲቃረብ አልሚው ከዳሱ ላይ ሣሩን ጥቂት በጥቂት እያነሣ፣ ውኃውንም እየቀነሰ ያለማምደዋል። ሣሩን ጨርሶ ያላነሣለት ችግኝ በሰኔ ማሳ ላይ ሲተከል ቅጠሉ ይቃጠላል፤ ገና በቅጠል እያለ ያነሣበትም እንዲሁ ይሞታል። ስለዚህ ለመሪዎች ያላቸው ጥያቄ አንድ ነው፦ ለእነዚህ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ሣሩን የሚያነሣው ማን ነው? ጅማን ለቀው በየሥራ ቦታቸው ሲበተኑ ዳሱ አብሯቸው አይሄድምና።

መልስ 19 እና 20

እንደተለመደው ቡና ሲነሣ ሃይማኖቱ ተረሳ። አንዱ የቡና ፍሬ በሽታን የሚቋቋመው 74110 የተባለው ዝርያ የት እንደሚገኝ ጠየቀ፤ ሌላው ቁጥሩ ዝርያው የተመረጠበትን 1974 እ.ኤ.አ. እንደሚያመለክት አብራራ። ጠቃሚ መረጃ ነው፤ ቦታው ግን እዚህ አልነበረም።

መልስ 21

አንዲት የካቶሊክ እምነት ተከታይ የሊዚዬዋን ቅድስት ቴሬዛን አነሡ። በ24 ዓመቷ፣ በ1897 እ.ኤ.አ. በገዳም ያረፈችው ይህች ወጣት የምትታወቀው በእግዚአብሔር ፊት ታናሽ ሆኖ በመታመን መንገድ ነው። ያም ሆኖ ቤተ ክርስቲያኗ በ1997 እ.ኤ.አ. መምህርተ ቤተ ክርስቲያን ብላ ከታላላቅ ሊቃውንት ጋር ቆጥራታለች። በሕይወቷ መጨረሻም ከባድ የእምነት ጨለማ ውስጥ አልፋለች፤ ታናሽነቷ ከጥያቄና ከጨለማ አልሰወራትም።

መልስ 22

የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ወንድም ነገሩን ወደ ጅማ ኑሮ አመጣው። አብሮት የሚሠራው ሙስሊም ባልደረባው፣ የልጅነት ጓደኛውም ነው፣ በቅንነት ኢየሱስን የእግዚአብሔር ልጅ የምትሉት በምን መንገድ ነው ብሎ ጠየቀው። ይህ ወንድም ከእሑድ ትምህርት ቤት መዝሙር ያለፈ መልስ አልነበረውም። ባልደረባው ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ቁርኣን የቀራ፣ እምነቱን የሚያስረዳ ሰው ነው። በ1ኛ ጴጥሮስ 3፥15 ለሚጠይቁን ሁሉ በየዋህነትና በፍርሃት መልስ ለመስጠት የተዘጋጀን እንድንሆን ታዘናል፤ በጥናት ላይ መጠየቅ የተከለከለ ሰው በሥራ ቦታ የሚመልሰውን ከየት ያመጣል? በእኔ አስተያየት ለጅማ ክርስቲያን ከዚህ የቀረበ ምክንያት የለም፤ እዚህ ከሌላ እምነት ሰው ጋር ቡና ሳይጠጣ የሚውል የለምና።

መልስ 23

የመልስ 3 ጸሐፊ ተመለሱ። በመልስ 14 መከፋታቸውን አልሸሸጉም፤ ነገር ግን ሁሉን ፈትኑ የሚለውን 1ኛ ተሰሎንቄ 5፥21 ክደው እንደማያውቁና ያልተፈጸመ ትንቢት የተናገረ ሰው ሊጠየቅ እንደሚገባው አረጋገጡ። የነርሷንም ታሪክ አንብበው አዝነዋል። በአንድ ነገር ግን አልተበገሩም። ይህን ያህል ሰው ልጅ እንዴት እንደሚጠይቅ ሲያስረዳ፣ ልጅ ወደ ማን ሄዶ እንደሚጠይቅ የተናገረ አንድም አላገኙም፤ የሄርማታዋ ልጅ የጠየቀችው አባቷን ነው እንጂ ስለ አባቷ ሌላውን አይደለም። ወጣቶቹ ስለ እግዚአብሔር እርስ በርሳቸው የሚጠያየቁትን ያህል እርሱን ራሱን ይጠይቃሉ ወይ? በስደቱ ዘመን ጥያቄ ነበረን፤ የምናቀርበው ግን በጉልበታችን ነበር ብለው ጨረሱ።

ለዚህ መልስ የሰጠ የለም፤ ሁለት ሰዎች የመልስ 14ን ጠብ ለመቀጠል ሞክረው ነበርና አስተናጋጁ ክሩን ዘጋው። የአባታችን ጥያቄ በዚህ ሳያልፍ እንዲቀር ስላልፈለግሁ በጸሎት ርዕስ ሥር አዲስ ክር ከፍቼበታለሁ፤ መልስ 7ን የጻፉት እኅትም የመጀመሪያውን አስተያየት ሰጥተዋል። የቡና ዘር ጥያቄው ወደ ግብርና ክፍል ተዛውሯል።